የማይቃጠለው ፋኖስ

በሺአን ከተማ ከጥንት እስከ ዛሬ ሦስት ትልልቅ ነገሮች ተሠርተዋል። አንደኛው ከተማውን የከበበው ግንብ ነው። ሁለተኛው ከመሬት በታች ተቀብሮ የተገኘው የሸክላ ወታደሮች ሠራዊት ነው። ሦስተኛው እኔ ለማይማይ የሠራሁላት ፋኖስ ነው። የፊተኞቹን ሁለቱን ያሠሩት ነገሥታት ናቸው፤ ያን ሁሉ ሕዝብ አስገድደው፣ ያን ሁሉ ዘመን ፈጅተው። ሦስተኛውን ግን እኔ ብቻዬን ሠራሁት፤ ሳሎኔ ውስጥ፣ በቀይ ካልሲ ቆሜ።

ስለ ካልሲው ኋላ እመጣበታለሁ።

ስሜ ምንውየለት ነው። ይህን ስም ጀምሮ የጨረሰ ቻይናዊ እስካሁን አልተወለደም፤ ሁሉም የመጀመሪያው ፊደል ላይ ይወድቁና «ጋሽ ሚን» ብለው ይገላገሉኛል። በጎረምሳነቴ የኤሌክትሪክ ትምህርት ልማር መጣሁ፤ ከተማው ልልቀቅህ ቢለኝም እኔ አልለቅህም ብዬው እዚሁ ሸበትኩ። ትራንስፎርመር ፋብሪካ ውስጥ ፈታሽ ነኝ። እኔ ጆሮዬን አስደግፌ ያላዳመጥኩት ትራንስፎርመር ከዚያ በር አይወጣም። ከካይሮ እስከ ኬፕታውን ማታ ማታ አምፖል የሚያበራ ሰው ሁሉ፣ ባያውቀውም፣ እኔን እያመሰገነ ነው የሚያበራው።

የምኖረው ፋብሪካው በደጉ ጊዜ ለሠራተኞቹ ባሠራው ግቢ ውስጥ ነው። አሳንሰር የለውም፤ ሐሜት ግን ከአሳንሰር ፈጥኖ ይወጣል ይወርዳል። ከእኔ በታች ባለው ፎቅ ላንዪን ትኖራለች። ፋብሪካው ውስጥ የመዳብ ሽቦ የምትጠመጥም፣ እጇ ፈጣን፣ ምላሷ ከእጇ የሚፈጥን ሴት ናት። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ለአዲስ ዓመት ብቅ ይልና ርችቱ ጭሶ ሳይጠፋ ተመልሶ መንገድ ይገባል። ስለዚህ ቤቱ የሦስት ሴቶች ነው፤ የላንዪን፣ የአማቷ የእማማ ቺው፣ የልጇ የማይማይ።

በዚህ አገር ለልጅ ፋኖስ የሚያመጣው አባት አይደለም። የአባት ወንድምም አይደለም። የእናት ወንድም ነው። ልጅ ከተወለደ ጀምሮ በየዓመቱ፣ የአዲሱ ዓመት ጨረቃ ሙሉ ልትሆን ጥቂት ቀን ሲቀራት፣ አጎት የወረቀት ፋኖስና ሻማ፣ ከዚያም ተጠማዞ የተጠበሰ ሊጥ ይዞ በሩን ያንኳኳል። ልጁ አሥራ ሁለት ሲሞላው የመጨረሻዋ ትመጣለች። እሷ የመዝጊያዋ ፋኖስ ናት፤ ከእሷ ወዲያ ልጅነት ተዘጋ ማለት ነው። ማይማይ ዘንድሮ አሥራ ሁለት ሞላት።

እኔ እዚህ አገር ግማሽ ዕድሜዬን ስኖር ጨረቃዋ ሙሉ የምትሆንበትን የፋኖስ ምሽት ግቢያችን ውስጥ አሳልፌው አላውቅም። እንደ ማንኛውም የውጭ አገር ሰው ግንቡ ላይ ወጥቼ፣ ባቡር የሚያህል ባለ አምፖል ዘንዶ ሥር ቆሜ ፎቶ ስነሣ ነው የኖርኩት። ግቢያችን ውስጥ የማየው የማግስቱን ጠዋት ብቻ ነበር፤ አመድና የከሰለ ቀርከሃ። በየዓመቱ! «የእነዚህ ልጆች ፋኖስ ምን ነክቶት ነው አንድ ሳይተርፍ የሚነደው?» እል ነበር ለራሴ። «በዚህ ሁሉ ሕዝብ ውስጥ አንድ መሐንዲስ ጠፋ?»

ይህችን ሐሳብ ያዟት። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከእሷ ነው።

ዓመቱ በገባ ሰሞን ከሥራ ስመለስ ላንዪንና እማማ ቺው በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ። ዘበኛው ጋሽ ፋን የወፍ ቀፏቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«መዝጊያዋ ነው እኮ!» ይላሉ እማማ ቺው። «ያለ አጎት ፋኖስ ልጅቷ በምኗ ትዘጋ? ተንጠልጥላ ልትቀር ነው?»

«ታዲያ ዓይኑ እንደዚያ ሆኖ እንዴት ይምጣ?» አለች ላንዪን።

የላንዪን አንድ ለእናቱ ወንድም ሁሸንግ ይባላል። ባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ መርከብ የሚሠራበት ቦታ በያጅ ነው። በመከር ወራት የጋለ የብረት ፍንጣሪ ግራ ዓይኑ ውስጥ ገባበት። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ተደገመለት። ስልክ በደወለ ቁጥር «ሐኪሙ ደህና ነው ብሏል» ይላል፤ መንገድ ግን ከልክለውታል።

«ለዚህ ነው የምትጨነቁት?» አልኩ። «እኔ አለሁ አይደል!»

እማማ ቺው ከጫማዬ ጀምረው እስከ ፀጉሬ አዩኝ። «አንተ ደግሞ የማን ወንድም ነህ?»

«የላንዪን ነኛ!»

«ቆይ ቆይ» አሉ ጋሽ ፋን ወፏን እያዩ። «አባቷ በየትኛው እረፍቱ ነው አፍሪካ ደርሶ የተመለሰው?»

ወንበሩ ከእነሽንኩርቱ ተንቀጠቀጠ። ላንዪን ራሷ ዓይኗን በክርኗ እየጠረገች ሳቀች። እኔ ግን በእንዲህ ያለ ነገር የምፈታ ሰው አይደለሁም።

«ጋሽ ፋን፣ ዘመድነት በደም ብቻ አይደለም። የላንዪንን ማቀዝቀዣ በጀርባዬ ተሸክሜ ፎቅ ያወጣሁት ማን ነኝ?»

«ሦስት ሆናችሁ ነበር» አለች ላንዪን።

«ሁለቱ አጃቢ ነበሩ።»

«ለመሆኑ በእናንተ አገር የእናት ወንድም ቁም ነገር ነው?» ብለው ጠየቁ እማማ ቺው።

«በእኛ አገር? እማማ ቺው፣ በእኛ አገር የእናት ወንድም ከተቀየመ ዝናብ ይቀራል! መንግሥት ሽማግሌ ይልካል!»

አሮጊቷ ጥቂት አሰቡና ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው ይሁን። ግን ከሠፈር ሱቅ የመጣች ትሁን። አደራህን፣ ጉድ እንዳታመጣ።»

እኔን ጉድ አታምጣ ማለት ጉድ አምጣ ማለት መሆኑን ሠፈሩ በሙሉ እያወቀ!

በማግስቱ ማይማይ በሬን አንኳኳች። ቀጭን፣ ረዥም፣ ጠጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች፣ ጥያቄዋን ይዛ ግድግዳ ተደግፋ የምትቆም ልጅ ናት። እግሯን አየሁ፤ ቀይ ካልሲ። የእኔንም አየች፤ ቀይ ካልሲ። በዚህ አገር ዓመታት በአሥራ ሁለት እንስሳት ስም ይዞራሉ፤ ሁለታችንም በፈረስ ዓመት ነው የተወለድነው፣ ዘንድሮም ፈረስ ነው፤ የተወለድክበት እንስሳ ዓመት ዞሮ ሲመጣ ቀይ ያላደረገ ሰው ዕጣው ጠማማ ይሆንበታል ይባላል።

«ጋሽ ሚን፣ ፋኖሷ ትንሽ ትሁን» አለችኝ።

«ምን ያህል ትንሽ?»

«ያቺ በሩ ላይ የሚሸጧት። እንደ አኮርዲዮን የምትታጠፈዋ። ርካሿ።»

«አይ አንቺ! ይሉኝታ ያዘሽ አይደል?»

«አይደለም። ወረቀት ትሁን። ሻማ የሚገባባት። ቶሎ የምትነድ።»

ሳቄ መጣ። ልጅቷ ኪሴን ልታተርፍልኝ ነው ብዬ አሰብኩ። «ማይማይ፣ አጎትሽ ማን እንደሆነ ገና አላወቅሽም» አልኳት።

ሄደች ስል ከደረጃው ተመለሰች። «ጋሽ ሚን፣ ዓይንህን አሞህ ያውቃል?»

«የኔን ዓይን? እኔ ከዚህ መስኮት ሆኜ ቺንሊንግ ተራራ ላይ ፍየል ሲያዛጋ አያለሁ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን «ወንዱ ነው ሴቷ?» ትለኝ ነበር። ያን ቀን ግን ዓይኔን አየት አድርጋ ወረደች። መጠርጠር ነበረብኝ፤ ግን አእምሮዬ በዚያች ሰዓት አጥንትና ሥጋ ያለው ፈረስ እየሣለ ነበር።

ፈረሱን እንዲህ ሠራሁት። አጽሙ ከቀጭን ብረት። ቆዳው ትራንስፎርመር ከምንጠቀልልበት፣ እሳት ከማይበላው ጨርቅ፤ ከቁርጥራጩ መጋዘን አለቃዬን አስፈቅጄ አመጣሁና ደም የመሰለ ቀይ ቀባሁት። ሆዱ ውስጥ አምፖል ደረደርኩ። አንገቱ ይዞራል፤ ዓይኑ ይጠቅሳል፤ ጋማው ላይ ብርሃኑ እንደ ውኃ ይወርዳል፤ ሁሉም በሪሞት። ቁመቱ ማይማይን ያህላል፤ በደረጃው ሳወርደው ግን ሁለት ማይማይ አክሎ ነበር። ግንቡ ላይ የተሰቀሉት ዘንዶዎች ያን ቀን ከሰልፍ ወጥተው ቢሸሹ አይፈረድባቸውም።

የተጠበሰውን ሊጥ በአንድ እጄ፣ ፈረሱን በሌላው ይዤ ግቢው መሐል ቆምኩ። ሰው ከየመስኮቱ ወጣ። ሪሞቱን ስጫን ግቢው ቀን ሆነ። የጋሽ ፋን ወፍ ነጋ ብላ ዘፈነች።

«ሆሆይ!» አሉ ጋሽ ፋን። «መብራት ኃይል ያውቃል ይህን?»

ላንዪን አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። «ጋሽ ሚን፣ አብደሃል! እንዴት ያምራል!»

ማይማይ ቀስ ብላ መጥታ የፈረሱን ሆድ በጣቷ ነካችው። ጨርቁን በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው።

«ይቃጠላል?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ነበር የምጠብቀው። «ይቃጠላል? እዪው እንግዲህ!» ብዬ ላይተሬን አውጥቼ ነበልባሉን ከፈረሱ ሆድ ሥር ያዝኩት። ጨርቁ ጠቆር እንኳ አላለም። «የሲኦል እሳት አይነካውም! አንቺ አግብተሽ፣ ወልደሽ፣ አርጅተሽ፣ የልጅ ልጆችሽ ይጋልቡታል!»

የልጅቷ ፊት እንደ ወረቀት ነጣ። ዞረችና ወደ ደረጃው ሮጠች።

«ደስታው በዝቶባት ነው» አልኩ።

እማማ ቺው ግን ፈረሱን በምርኩዛቸው ቆርቆር አደረጉት። «አንተ ሰው፣ ፋኖስ የሚሠራው ሊነድ እንደሆነ የነገረህ የለም? በበዓሉ ምሽት ልጆች እርስ በርስ አጋጭተው ያቃጥሉታል። ሳይነድ ዓመት የተሻገረ ፋኖስ የአጎትን ዓይን ያጠፋል።»

«የእኔን ዓይን?» ብዬ ሳቅሁ። «እማማ ቺው፣ የእኔን ዓይን ለማጥፋት ከፋኖስ ሌላ ነገር ያስፈልጋል።»

«ቀይ ካልሲህን እያየሁት ነው» አሉኝ።

በበዓሉ ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ ግንቡን ትቼ ግቢው ውስጥ አመሸሁ። ፈረሴን በሩ አናት ላይ ሰቀልኩት፤ ጨረቃዋ ብትወጣም ሁለተኛ ሆና ነው የወጣችው። የግቢው ልጆች የወረቀት ፋኖሳቸውን በቀርከሃ ዘንግ አንጠልጥለው ወረዱ። ጋሽ ፋን የአሸዋ ባልዲ ይዘው እንደ ጄኔራል መሐል ላይ ቆሙ።

ከዚያ ጦርነቱ ተጀመረ። አንዱ የአንዱን ፋኖስ በራሱ ፋኖስ ይገጨዋል፤ ሻማው ይወድቃል፤ ወረቀቱ ቦግ ይላል፤ ልጆቹ ይጮኻሉ። እኔ ጩኸቱን ለቅሶ ይሆናል ብዬ ነበር። እልልታ ነው! ፋኖሱ የነደደበት ልጅ ይዘላል፤ ያልነደደለት ወዲህ ወዲያ እየሮጠ «ግጨኝ! ኧረ ግጨኝ!» ይላል። እያንዳንዱ ነበልባል ላይ የአጎቱን ስም ይጠራል። አንድ ጥርሱ የወለቀ ሕፃን «የአጎቴ ዓይን! የአጎቴ ዓይን!» እያለ አመዱ ዙሪያ ይጨፍራል። ከበሩ አናት ላይ ፈረሴ ይህን ሁሉ እያየ ዓይኑን ይጠቅሳል። እውነቱን ልናገር? እዚያ ላይ ሆኖ ትንሽ ጅል መሰለኝ።

ማይማይ አልወረደችም። ሆዴን አሞኛል ብላለች። ላንዪን ሰሊጥና ስኳር የተሞሉ የሩዝ ድቡልቡሎች በሳህን ቀዳችና «አንተ ውሰድላት፤ የመዝጊያዋ አጎት አይደለህ?» አለችኝ።

ማይማይ ክፍሏ ወለል ላይ ተቀምጣለች። መብራቱን አላበራችም፤ ከፈረሴ የሚመጣው ብርሃን በመስኮት ገብቶ ግድግዳው ላይ ይወርዳል። ጭኗ ላይ ፋኖስ አለ። የእኔ አይደለም። ነብር ነው፤ ከብየዳ ሽቦ የተሠራ፣ በቢጫ ወረቀት የተለበሰ፣ ጺሙ ከመጥረጊያ ጭራሮ። አንዱ ጆሮው ተጣሞ ይስቃል። እኔ በዚህ ዓለም ላይ የማደንቀው ሥራ ጥቂት ነው፤ እሱም አብዛኛው የራሴ ነው። ያን ነብር ግን ቆሜ አየሁት።

«ማን ሠራው?»

«አጎቴ ሁሸንግ። ባለፈው ዓመት።»

የባለፈው ዓመት ፋኖስ። ሳህኑን ወለሉ ላይ አስቀምጬ ተቀመጥኩ።

«አላቃጠልሽውም?»

ራሷን ነቀነቀች። «በጣም ያምር ነበር። ከሱቅ ሌላ ገዝቼ እሱን አቃጠልኩ፤ ነብሩን አልጋ ሥር ደበቅሁት። ማንም አላየኝም።» ከዚያ ድምፅዋ ቀጠነ። «ከዚያ መከር ላይ አጎቴ ዓይኑ ጠፋ።»

የነብሩን የተጣመመ ጆሮ በጣቴ ነካሁት።

«አሁን ደግሞ አንተ የማይቃጠል አመጣህ» አለችና ማልቀስ ጀመረች። «ትንሽ አምጣ አልኩህ! የምትነድ አልኩህ!»

እዚህ ላይ መሐንዲስነቴ ተነሣ። ስለ ፍንጣሪ፣ ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ ብየዳ መነጽር አስረዳኋት። ወረቀትና ሽቦ ከአልጋ ሥር ተነሥቶ ባሕር ዳርቻ ያለ ሰው ዓይን ውስጥ የሚገባበት መንገድ እንደሌለ በእጄ እየሣልኩ አሳየኋት። ፕሮፌሰር ቢሰማኝ ወንበሩን ይለቅልኝ ነበር።

አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ እግሬን አየች። «ታዲያ ቀይ ካልሲ ለምን ታደርጋለህ?»

ውስጥ ሱሪዬም ቀይ መሆኑን አላወቀች እንጂ።

«ለአጎትሽ ነግረሽዋል?»

«ይጠላኛል።»

«እንደውልለት።»

«አይሆንም!»

«ማይማይ፣ በሚቀጥለው ዓመት ፋኖስ የለም። ይህ ነገር ዛሬ ካልተዘጋ ከአንቺ ጋር ሊያረጅ ነው።»

ነብሩን ከጭኗ ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ሰጠችኝ። ቀና ስል ላንዪን በሩ ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም፤ ሁሉንም መስማቷን ግን ከፊቷ አወቅሁ። አልተቆጣችም። ገብታ ከልጇ ጎን ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ሁሸንግ በምስል መጣ። ሰፊ ፊት፣ አጭር ፀጉር፤ ግራ ዓይኑ ላይ ፋሻ የለም፤ ግን ዓይኑ እንደ ጉም ነጣ ብሏል።

«ኧረ! የውጭ አገሩ አጎት!» አለኝ። «የፈረስህን ፎቶ እህቴ ልካልኝ ስስቅ ዋልኩ። መርከብ ላይ ብንሰቅለው የወደቡን መብራት ማማ እንዘጋው ነበር።»

«እሱን ተወው። ማይማይ የምትነግርህ አላት።»

ስልኩን ወደ እሷ አዞርኩት። በአንድ ትንፋሽ ነገረችው፤ ነብሩን፣ ከሱቅ የገዛችውን፣ አልጋውን፣ ዓይኑን። ሲያልቅባት ነብሩን ከፍ አድርጋ አሳየችው።

ሁሸንግ ፊቱን ወደ ስክሪኑ አስጠጋ። ከዚያ «ጆሮውን እንዳጣመምኩት ቀረ?» አለ።

ማይማይ አልሳቀችም።

«ስሚኝ አንቺ ልጅ። መነጽሩን ያወለቅሁት እኔ ነኝ። ለአዲስ ገቢዎቹ ላሳያቸው ነበር። 'እዩ፣ ጌታው ያለ መነጽር ይሠራል' አልኳቸው። ጌታው ይኸውልሽ።»

«ባቃጥለው ኖሮስ?»

ያን ጥያቄ በማስረዳት መዝጋት አይቻልም። እኔማ ሞክሬው የለ! ሁሸንግ ብልህ ሰው ነው፤ አልተከራከራትም።

«ታዲያ አሁን አቃጥይው! ዘገየ እንጂ አልቀረ። ውረጂ፣ እኔም ልየው።» ከዚያ ወደ እህቱ ዞረ። «ላንዪን፣ አንድ ነገር አልነገርኩሽም። ፋሻው ከተነሣ ቆይቷል። በዚህኛው ዓይን ጨለማና ብርሃን ብቻ ነው የምለየው። ሐኪሙ ከዚህ ይሻላል ወይም አይሻልም፣ አላውቅም ነው ያለኝ።»

ላንዪን ከንፈሯን ነከሰች። «ደህና ነው ስትለኝ የከረምከው ይህንን ነው? ቆይ ብቻ፣ ዓይንህ ይዳን፣ በጥፊ አጠፋዋለሁ!» አለችና ማልቀስ ጀመረች።

ወረድን። ልጆቹ ነብሩን ሲያዩ ከበቡት። ከዚያ ያ ጥርሱ የወለቀው ሕፃን «ይህንንማ አታቃጥሉት!» አለ።

«ይቃጠላል» አለች ማይማይ።

ሻማ ሆዱ ውስጥ አስገባች። ነብሩ በራ፤ ቢጫው እንደ ማር ሆነ። ስልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ሪሞቱንም አውጥቼ ፈረሴን አጠፋሁት። ማንም አላዘዘኝም። ግቢው ጨለመ። ሁሸንግ ስክሪኑ ውስጥ ደህናውን ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ።

ማይማይ ነብሩን በዘንግ ይዛ ቆመች፤ የሚገጫት አጣች፤ የሁሉም ፋኖስ ነዶ አልቋል። ያን ጊዜ እማማ ቺው በምርኩዛቸው ጫፍ የነብሩን ጀርባ ጠቅ አደረጉት። ሻማው ወደቀ። መጀመሪያ ጺሙ፣ ከዚያ ጉንጩ፣ ከዚያ መላው ነብር ቦግ አለ።

«አጎቴ፣ ይታይሃል?»

ሁሸንግ መዳፉን ደህናው ዓይኑ ላይ አጠበቀ።

«አጎቴ!»

«ቆይ» አለ ሁሸንግ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለ። «ቆይ... አለ። ነጭ ነገር። አይ፣ ቀላ። ቀላ ያለ ነው... ከላይ ይሰፋል። ይንቀሳቀሳል። ማይማይ፣ ይንቀሳቀሳል አይደል?»

«ይንቀሳቀሳል!»

«አሁን ዝቅ አለ።»

ነብሩ በእርግጥም ዝቅ ብሎ ነበር። ሽቦው ብቻ ቀርቶ፣ የተጣመመችው ጆሮ ቀልታ ቆይታ ጠፋች።

«አሁን ጨለመ» አለ ሁሸንግ። «አየሁት። ነገ ለሐኪሙ እነግረዋለሁ፤ ቀይ አየሁ እለዋለሁ።»

ጋሽ ፋን አሸዋውን ማፍሰስ ረስተው ባልዲውን ታቅፈው ቆመዋል። ማይማይ ግን ገና አልጨረሰችም። ወደ እኔ ዞረች።

«ያንተም።»

«የኔማ አይነድም፤ የኔ እኮ...»

«ያንተም!»

ፈረሱን ከበሩ አናት አውርደን የሲኦል እሳት የማይነካውን ጨርቅ በቢላዋ ገፈፍን። አምፖሎቼን አንድ በአንድ ነቀልኩ፤ ለጠላት አይስጠው። እማማ ቺው ከአዲስ ዓመት የተረፈ ቀይ ወረቀት አምጥተው በሊጥ ሙጫ የብረት አጽሙ ላይ ለጠፉበት፤ «እንዲህ ነው ፋኖስ የሚሠራ፣ መሐንዲስ!» እያሉ። ወረቀቱ አልበቃ ብሎ ግማሽ ጎኑ የድሮ ጋዜጣ ለበሰ። ማይማይ ሆዱ ውስጥ ሻማ አቆመች፤ ልጆቹ ሁሉ በባዶ ዘንጋቸው ገጩት። ነደደ። እንዴት አድርጎ ነደደ! ነበልባሉ ከሕንፃው በላይ ወጣ፤ ጨረቃዋ ጎኗ ጠቆረ፤ አሁንም ሙሉ ስትሆን ተመልከቱ፣ ጥላሸቱ አለ። ማይማይ ከሕፃናቱ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ትዘላለች፤ የሁሸንግን ስም ትጠራለች፤ የኔንም ትጠራለች። እስከ መጨረሻው ፊደል! «ምን - ው - የ - ለት!» አለች። ለካ ስትለማመድ ነበር የከረመችው።

በማግስቱ ዓይኔ ቀልቶ አደረ።

«ይኸው!» አሉ ጋሽ ፋን በሩ ላይ።

«ጭስ ነው» አልኩ።

ጭስ ነው። ሌላ የሚል ካለ እኔ ዘንድ ይምጣ።

የፈረሱ ብረት ዛሬ የጋሽ ፋን የዱባ ሐረግ መውጫ ሆኗል። ሁሸንግ ወር በገባ ቁጥር ይደውላል፤ ቀለም መለየት ጀምሯል፤ ፊት ገና ነው። ማይማይ ልጅነቷ ተዘግቷል ተብሎ እንኳ አንድ ነገር አልተወችም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታገኘኝና ዓይኔን ትፈትነኛለች። «ያ የሚመጣው አውቶቡስ ቁጥሩ ስንት ነው?» ትለኛለች። ቁጥሩን እነግራታለሁ፤ የሾፌሩን የጺም ርዝመት ጨምሬ። የሩቁ አያስቸግረኝም።

የሚያስቸግረኝ የቅርቡ ነው። አርባ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ፋኖስም የለበት፣ ነብርም የለበት። የማንበቢያ መነጽር ገዝቻለሁ። ፋብሪካ አደርገዋለሁ፤ ግቢው በር ላይ ስደርስ ኪሴ ይገባል። እሷ ብልጥ ናትና አንዳንዴ የፈጣን ኑድል ማሸጊያ ይዛ ትመጣለች፤ ከጀርባው ያለውን የደቃቅ ደቃቅ ጽሑፍ ከፊቴ ታቀርብልኛለች።

«አንብብልኝ፣ ጋሽ ሚን።»

ማሸጊያውን ዘርግቼ እይዛለሁ፤ ዓይኔን ጨፈን እንኳ አላደርግም። «የስንዴ ዱቄት» እላለሁ፤ «የዘንባባ ዘይት፣ ጨው፣ ስኳር፣ የደረቀ ሽንኩርት፣ በርበሬ...»

እስከ መጨረሻው እወጣዋለሁ። እሷም ትንፋሿ ይመለስና እየዘለለች ደረጃውን ትወጣለች።

ሠፈሩ ውስጥ የሚሸጠውን ኑድል ሁሉ በቃሌ አጥንቻለሁ።